ማርሹ ሲመታ፣ ካምቢዮውን ከማውረድ በፊት

ጥያቄ

የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጅ፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው በአዳማ ከተማ ፍራንኮ አካባቢ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች መርሴዲስ 300ዲ ናት፤ ቱርቦ የሌላት፣ ባለ አምስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ስታልፍ ከኋላ በኃይል የተገፋች ያህል ትመታለች። የሚገርመኝ፣ ነዳጁን በቀስታ ስረግጥ ምቱ ይብሳል፤ ጠለቅ አድርጌ ስረግጥ ግን ያን ያህል አይሰማኝም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለም ሆነ ከሞቀ በኋላ ልዩነት የለውም። አንድ ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ ዲስኮቹ መቀየር አለባቸው ብሎ ከብዙ ወራት የጡረታ አበሌ የሚበልጥ ገንዘብ ጠየቀኝ። ሌላ ጋራዥ የካምቢዮውን ዘይት ቀየረልኝ፤ ለውጥ አላየሁም። ከዚህ ጋር የተያያዘ ይሁን አይሁን ባላውቅም፣ ቁልፉን ካጠፋሁ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ሴኮንዶች ቆይቶ ነው የሚጠፋው፤ የሾፌሩን በር ስቆልፍም ሌሎቹ በሮች አብረው መቆለፍ ካቆሙ ሰንብተዋል። ካምቢዮውን ላስወርድ ወይስ አስቀድሞ መታየት ያለበት ነገር ይኖራል?

መልስ

ውድ መምህር፤ ካምቢዮውን ገና አያስወርዱ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «የተያያዘ ይሁን አይሁን ባላውቅም» ብለው ያከሉት ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ የብልሽቱን ቦታ ይጠቁማል። ሞተሩ በቁልፍ ወዲያው አለመጥፋቱ፣ በሮቹ አብረው አለመቆለፋቸውና ማርሹ መምታቱ በእርስዎ መኪና ላይ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ላይሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም ሥራዎች የሚከናወኑት በአንዲት የቫኪዩም ፖምፓ ኃይል ነው (ቫኪዩም ማለት አየር ተመጥጦ ሲወጣ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ነው)፤ ፖምፓዋ ስትደክም ወይም ከእርሷ የሚነሡት ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ ቦታ ላይ አየር ሲያስገቡ ሦስቱም አብረው ይታወካሉ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ምክንያቱን የተረዳ ባለንብረት ጋራዥ ሲገባ የሚጠይቀውን ያውቃል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ዲስኮችንና ባንዶችን በመጭመቅ ነው። ሞተሩ ከፍተኛ ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የአሰላን መንገድ ይዘው ከዴራ ወደ ኢተያ ሽቅብ ሲወጡ፣ ዲስኮቹ እንዳይንሸራተቱ ግፊቱ ከፍ ማለት አለበት። በከተማ ውስጥ ከባጃጆች ኋላ ዝግ ብለው ሲሄዱ ያው ከፍተኛ ግፊት ከቀጠለ ግን ዲስኮቹ በድንገት ይጣበቁና ምቱ እስከ ወንበሩ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ሞተሩ በየቅጽበቱ ምን ያህል ጭነት እንዳለበት ለካምቢዮው የሚያደርስ መልእክት ያስፈልጋል። በብዙ አሮጌ የቤንዚን መኪናዎች ላይ ይህን መልእክት የሚሰጠው በአየር ማስገቢያው ውስጥ የሚፈጠረው ቫኪዩም ነው። የእርስዎ ዓይነት የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን የሚገታ ክዳን ስለሌለው ለዚህ የሚበቃ ቫኪዩም አይፈጥርም፤ ኃይሉ የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ መጠን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ፋብሪካው በሞተሩ ፊት ለፊት የቫኪዩም ፖምፓ ተከለ፤ በናፍጣ ፖምፓው ላይ ደግሞ ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ቫልቭ አስቀመጠ። ፔዳሉ ሲለቀቅ ቫልቩ ብዙ ቫኪዩም ወደ ካምቢዮው ያሳልፋል፤ ፔዳሉ እየተረገጠ በሄደ መጠን የሚያሳልፈው እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ምንም አይቀርም። በካምቢዮው ጎን ላይ የተገጠመችው ሞዱሌተር የምትባል ክብ ዕቃ በውስጧ ባለው ስስ ጎማ አማካይነት ይህን ቫኪዩም ተቀብላ የዘይቱን ግፊት ታለዝባለች።

እንግዲህ የእርስዎን ምልክት ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ቫኪዩሙ መንገድ ላይ ከጠፋ፣ ካምቢዮው ፔዳሉ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው የተረገጠ ያህል በከፍተኛ ግፊት ይሠራል። በእውነት ጠልቀው ሲረግጡ ያ ግፊት ትክክለኛው ስለሆነ ቅያሬው ደህና ይመስላል፤ በቀስታ ሲረግጡ ግን ግፊቱ ከሚገባው በላይ ስለሆነ ይመታል። እርስዎ የጻፉት በትክክል ይህንኑ ነው። ዲስኩ ያለቀ ካምቢዮ የሚያሳየው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ በቅያሬ መካከል የሞተሩ ድምፅ ብቻውን ከፍ ይላል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ ይህም ዳገት ላይና ዘይቱ ሲሞቅ ይበረታል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ «ማርሹ ይመታል» የሚለውን ቃል ሰምቶ እንዴት እና መቼ እንደሚመታ ሳይጠይቅ ዲስክ መቀየር ላይ መድረሱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በሥራ መጀመሪያ ዘመኔ እኔም በአንድ የናፍጣ መኪና ላይ ካምቢዮ አውርጄ፣ ሁለት ሳምንት ደክሜ፣ መልሼ ስገጥመው ምቱ እንዳለ አግኝቼዋለሁ። ጥፋቱ የተሰነጠቀች አንዲት የጣት ርዝመት ያላት የጎማ መጋጠሚያ ነበረች። የመኪናው ባለቤት ያወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ፍተሻውን ያለ ምንም መሣሪያ ከሚታየው ይጀምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ በቂ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ መከለያውን ከፍተው ከቫኪዩም ፖምፓው ተነሥቶ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ያግኙ። ከእርሱ ላይ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ይገነጠላሉ፤ ፕላስቲኮቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ የሚያረጁት ጫፍ ከጫፍ የሚያገናኟቸው አጫጭር የጎማ መጋጠሚያዎች ናቸው። አርባ ዓመት ያለፈው ጎማ በሞተር ሙቀትና በአዳማ አቧራ እንደ ደረቅ ቆዳ ይጠነክራል። እያንዳንዷን መጋጠሚያ በጣት አጥፈው ይመልከቷት፤ ስንጥቅ የምታሳይ ወይም በቱቦው ላይ ልል ብላ የምትሽከረከር ካለች ትቀየር። ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢቀየሩ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ከሞዱሌተሯ ላይ ቱቦውን ይንቀሉና ውስጡን ይመልከቱ። በቱቦው ውስጥ ቀይ የካምቢዮ ዘይት ከተገኘ የሞዱሌተሯ ስስ ጎማ ተቀዷል ማለት ነው፤ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ሞዱሌተሯ መቀየር አለባት። ይህ ብልሽት አንድ ተጨማሪ ጉዳት ስላለው ሊዘነጋ አይገባም። የቫኪዩም ፖምፓዋ በተቀደደው ጎማ በኩል የካምቢዮውን ዘይት እየሳበች ወደ ሞተሩ ስለምትልከው፣ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳይታይ የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል፤ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ይቀጥናል። «ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም» የሚሉ ባለንብረቶች በመጀመሪያ ማየት ያለባቸው ይህችን ቱቦ ነው። በእርስዎ መኪና ግን ሦስቱም ነገሮች በአንድነት ስለደከሙ፣ የእኔ ግምት ከሞዱሌተሯ ይልቅ ወደ ጋራው መስመር ወይም ወደ በሮቹ ያመዝናል።

የበሮቹ ነገር ብዙ መካኒኮችን ያሳስታል። በዚህ ሞዴል ላይ በሮቹ የሚቆለፉት በኤሌክትሪክ አይደለም፤ በየበሩ ውስጥ በቫኪዩም የሚሳብ ጎማ ያለው ትንሽ ዕቃ አለ፣ ከኋላም የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ታንክ ተቀምጧል። አንድ የኋላ በር ውስጥ የተቀደደች ጎማ ቀኑን ሙሉ አየር እያስገባች ከካምቢዮው ቫኪዩሙን ትቀማለች። ይህን ለማረጋገጥ ከዋናው መስመር ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ በሁለቱም ወገን በደንብ መድፈንና መኪናዋን በሠፈር ውስጥ ጥቂት መንዳት ነው። ምቱ ከጠፋ ወይም በግልጽ ከለዘበ ቀዳዳው ከመኪናው ውስጥ መሆኑ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ በር በበር መፈለግ ይቻላል። ሁለት ጥንቃቄዎችን በጥብቅ እለምንዎታለሁ። የመጀመሪያው፣ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በምንም ምክንያት ነቅለው ወይም ደፍነው አይንዱ፤ የፍሬኑ እገዛ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ የተደፈነው መስመር የቁልፉንም ስለሚጨምር ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም። በሞተሩ ላይ ለማጥፊያ የተሠራውን በእጅ የሚጫኑትን ዘንግ አስቀድመው መካኒኩ ያሳይዎት።

በዓይንና በጣት ያልተገኘውን የእጅ ቫኪዩም ፖምፓና መለኪያ ያገኘዋል። በሞዱሌተሯ ላይ ተገጥሞ ሲሳብ መርፌው ሳይወርድ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መቆየት አለበት። ከዚያ መለኪያው ወደ ሞዱሌተሯ በሚሄደው ቱቦ ላይ በሦስት መንገድ መጋጠሚያ ይገባና ሞተሩ ይነሣል፤ በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ንባቡ ከፍ ብሎ መታየት፣ በናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለው ዘንግ ቀስ በቀስ ሲጫን ደግሞ ንባቡ ሳይዘልል ቀስ በቀስ መውረድ አለበት። በመካከል በድንገት የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ በትንሹ ቫልቭ ወይም ቫልቩን ከፔዳሉ ጋር በሚያገናኙት ዘንጎችና ቡሾች ላይ ነው። ቡሾቹ ሲበሉ ቫልቩ ፔዳሉ ያልሆነበትን ቦታ ለካምቢዮው ይነግረዋል።

እዚህ ላይ በአገራችን ደጋማ ከተሞች ለሚሠሩ መካኒኮች የምነግረው አለ። በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ የሚገኙት የቫኪዩም ቁጥሮች ለባሕር ወለል አካባቢ የተጻፉ ናቸው። ቫኪዩም ከአካባቢው አየር ግፊት በታች የሚለካ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅ ባለበት ቦታ ፖምፓዋ ፍጹም ጤነኛ ብትሆንም ያንኑ ቁጥር ልትደርስበት አትችልም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ይህን ያላገናዘበ መካኒክ ጤነኛ ፖምፓ ጥሎ አዲስ ያስገዛል። ትክክለኛው ንጽጽር መጽሐፉ ከሚለው ቁጥር አምስተኛውን ቀንሶ መመልከት፣ ከተቻለም በአዳማ ውስጥ በደህና ከሚሠራ ተመሳሳይ መኪና ጋር ማነጻጸር ነው።

ስለ ዘይቱ፣ መቀየሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንደተለካ ደግመው ያረጋግጡ። የካምቢዮው ዘይት የሚለካው መኪናዋ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ተነድታ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲደርስ፣ ለጥ ባለ ቦታ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ «ፒ» ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው። እንደ ሞተር ዘይት ሞተሩ ጠፍቶ ከተለካ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። በመለኪያ ዘንጉ ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 0.3 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ «ትንሽ ልጨምር» ብሎ አንድ ሊትር የሚያንቆረቁር ሰው ካምቢዮውን ይጎዳዋል፤ የበዛ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ አረፋም ግፊት አይይዝም። ዘንጉ ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጠረግ። የዘይቱ ዓይነት ለዚህ ካምቢዮ ዴክስሮን ነው፤ የሞተር ዘይት ወይም ለእጅ ማርሽ የተሠራ ዘጠና ቁጥር ዘይት እንዳይገባ። ዘይት የቀየረልዎ ጋራዥ ፊልትሮውን ቀይሮ እንደሆነም ይጠይቁ፤ በዚህ ካምቢዮ ላይ የታችኛው ገበቴ ሳይወርድ ፊልትሮው አይገኝም፣ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው ዘይትም በራሱ የዘይት ማፍሰሻ ቡሽ ካልወጣ ከአሮጌው ዘይት ብዙው ውስጥ ይቀራል። ገበቴው ሲወርድ ከሥሩ የተጋደመ ስስ ግራጫ ጭቃ አያስደንግጥዎ፤ የሚያንጸባርቅ የብረት ወይም የነሐስ ፍቅፋቂ ከተገኘ ግን ካምቢዮውን ስለማውረድ መነጋገር ተገቢ ይሆናል።

ምቱ ሲቀይር ብቻ ሳይሆን ከ«ፒ» ወደ «ዲ» ወይም ወደ የኋላ ማርሽ ሲያስገቡም ካለ ሌላ ቦታም ይታይ። የሚኒሞው ዙር በደቂቃ ከ700 እስከ 800 መካከል ካልሆነና ከፍ ካለ ማስገባቱ ሁልጊዜ ይመታል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በሁለት ጫፉ ላይ ያሉት የጎማ ዲስኮች ሲሰነጠቁ፣ ወይም የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶች ሲወድቁ፣ ካምቢዮው ንጹሕ ሆኖ ሳለ መኪናው ሁሉ የሚንቀጠቀጥበት ምት ይፈጠራል። መኪናው በቋሚ መደገፊያ ላይ ተነሥቶ (በክሪክ ብቻ ተይዞ ማንም ከሥሩ አይግባ) ዘንጉ በእጅ ሲነቃነቅ ክፍተቱ ይታያል። በዚያው ጉብኝት የሞተሩ ቫልቭ ክፍተት እንዲለካ ያድርጉ፤ ለቱርቦ አልባው ሞተር ሲቀዘቅዝ ለመግቢያው 0.10፣ ለመውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። የደከመ ሞተር ሾፌሩ ፔዳሉን ከሚገባው በላይ እንዲረግጥ ስለሚያስገድድ ቅያሬው ሁሉ ዘግይቶና ከብዶ ይመጣል።

በሞዱሌተሯ ጫፍ ላይ ከክዳን ሥር ግፊቱን የሚያስተካክል መዞሪያ አለ፤ አንዳንድ ሰዎች ምት በሰሙ ቁጥር እርሱን ያዞሩታል። ቀዳዳው ሳይዘጋ እርሱን ማላላት ምቱን ይሸፍነዋል፤ በኋላ ቫኪዩሙ ሲስተካከል ግን ግፊቱ ከሚገባው በታች ሆኖ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ያልቃሉ፤ ያን ጊዜ በእርግጥ የካምቢዮ ጥገና ያስፈልጋል። ስለዚህ መዞሪያው የሚነካው ከላይ ያለው ሁሉ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የነበረበት ቦታ ምልክት ተደርጎበት፣ በትንሽ በትንሹ ነው። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከተነካ የትኛው እንደፈወሰ ወይም እንዳባሰ አይታወቅም።

ጥያቄ

እኔም ከአዳማ ነኝ፤ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ፕራዶ አለኝ፣ እ.ኤ.አ. የ1997 ሥሪት። የቫኪዩም ነገር በእርሷ ላይም ይሠራል? ማርሿ አንዳንዴ ይመታል፤ በዚያን ጊዜ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

መልስ

ውድ አንባቢያችን፤ በእርስዎ መኪና ላይ መልእክቱን የሚያደርሰው ቫኪዩም አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ነው። ኮምፒዩተሩ የፔዳሉን ቦታና የመኪናውን ፍጥነት ከሴንሰሮች ተቀብሎ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ ቫልቮች) ይከፍታል፣ ይዘጋል። የመብራቱ ብልጭታ ኮምፒዩተሩ ብልሽት መመዝገቡን የሚያሳይ ስለሆነ ግምት አያስፈልግም፤ የተመዘገበውን ማንበብ ነው። የኦቨርድራይቭ ማብሪያው በርቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ላይ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ። ሥራውን ቀዳዳዎቹን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ በስሕተት ሌላ ቀዳዳ ማገናኘት ኮምፒዩተሩን ሊያበላሽ ይችላል።

መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ከበራና ከጠፋ የተመዘገበ ብልሽት የለም። ካለ ግን በመጀመሪያ የአሥር ቤቱን፣ ጥቂት ቆም ብሎ የአንድ ቤቱን ቁጥር በብልጭታ ይቆጥራል። 62 እና 63 ማርሽ የሚቀይሩትን ሁለቱን ሶሌኖይዶች፣ 64 የኮንቨርተሩን መቆለፊያ ሶሌኖይድ፣ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮችን ያመለክታሉ። ቁጥሩ ሶሌኖይድ ቢልም ሶሌኖይዱን ወዲያው አይግዙ፤ በካምቢዮው ጎን ያለው የሽቦ ሶኬት በጭቃና በውኃ ዝጎ ይህንኑ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል መጀመሪያ ሶኬቱ ተነቅሎ ይጸዳ፣ ሽቦው እስከ ኮምፒዩተሩ ድረስ ይለካ፣ ቁጥሩ ይጥፋና መኪናዋ ተነድታ ዳግም ይነበብ።

መብራቱ ምንም ሳያሳይ ምቱ ከቀጠለ የፔዳሉን ቦታ የሚለካውን ሴንሰር ያስለኩ። ፔዳሉ ከላይ እስከ ሥር ቀስ ብሎ ሲረገጥ የመለኪያው ቁጥር ያለ መቋረጥ መውጣት አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ከወደቀና ተመልሶ ከተነሣ ሴንሰሩ በዚያ ቦታ ተበልቷል።